በደሴና በኮምቦልቻ የጋራ መኖሪያ ግቢዎች የአትክልትና የውሃ ቁጠባ ደንብ

የጋራ መኖሪያ ግቢ የአትክልት ደንብ የሚባለው፣ የአንድ ሕንፃ ወይም መንደር የቤት ባለቤቶች በጋራ ይዞታቸው ላይ ምን እንደሚተከል፣ ተክሉ በምን ውሃ እንደሚለማና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በማኅበራቸው በኩል የሚወስኑበት ሥርዓት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ጉዳዩ ከግቢ ውበት ይልቅ ወደ ውሃ ክፍፍል ያደላል፤ ቧንቧ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ለሣር የተከፈተ ጎማ ከጎረቤት ጀሪካን እንደተቀነሰ ይቆጠራልና። ከደሴ ክፍለ ከተሞች አንዱ ቧንቧ ውሃ፣ ሌላው መናፈሻ ተብለው መጠራታቸው አጋጣሚ ቢሆንም፣ የክርክሩን ሁለት ወገኖች በሚገባ ይወክላል።

ሕጋዊ መሠረቱ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። አዋጁ ሕንፃውን በግል በተያዙ ቤቶችና በጋራ መጠቀሚያዎች ይለያል፤ ደረጃው፣ ጣራውና ግቢው ከሁለተኛው ወገን ናቸው። የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር የሕግ ሰውነት ያለው ሲሆን፣ የጋራ መጠቀሚያዎችን የማስተዳደር፣ መተዳደሪያ ደንብና ውስጠ ደንብ የማውጣት፣ የጋራ ወጪንም ከአባላቱ የመሰብሰብ ሥልጣን አለው። ስለ አትክልቱ ዝርዝር የሚወሰነው እንግዲህ በየግቢው ደንብ ነው። በማኅበር ተደራጅተው ቦታ የወሰዱና ቤቱን ከሠሩ በኋላ ካርታ በየስማቸው የወጣላቸው ሰዎች ግን ግቢያቸው የየግል ስለሚሆን፣ በእነርሱ ዘንድ የጋራ ውሳኔው ብዙውን ጊዜ ከመንገድ ዳር ተክልና ከፍሳሽ ቦይ አያልፍም።

በአሜሪካ ክርክሩ ተገልብጦ ይገኛል። እዚያ የቤት ባለቤቶች ማኅበራት አባሎቻቸው ከደጃፍ ያለውን ሣር አረንጓዴ አድርገው እንዲይዙ ሲያስገድዱ፣ ያደረቀውንም ሲቀጡ ቆይተው፣ በመጨረሻ ሕግ አውጪው ጣልቃ ገብቷል። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2013 ማኅበራት ድርቅ የሚቋቋም ተክልን እንዳይከለክሉ፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2014 በድርቅ አስቸኳይ ጊዜ ማጠጣት የቀነሰን ባለቤት እንዳይቀጡ ደንግገዋል። በወሎ ከተሞች አባሉን ሣር አጠጣ ብሎ የሚያስገድድ ማኅበር ማሰብ ያስቸግራል፤ እዚህ ደንብ የሚያስፈልገው የሚያጠጣውን ለመግታት ነው።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርደው በሚያገኙት ሜዳ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም በዓመት ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ዝናብ ስለሚያገኙ፣ ችግሩ ከመጠኑ ይልቅ አመጣጡ ላይ ነው። አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ በልጉ አንዱን ዓመት መጥቶ ሌላውን ይቀራል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ደረቅ ነው። በደረቁ ወራት እንዳይጠወልግ የተፈለገ ሣር በቀን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ 100 ካሬ ሣር በቀን 400 ሊትር ይጠጣል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ጊዜ መሙላት ነው። ሌሊት የቧንቧ ድምፅ ሰምቶ ተነስቶ ጀሪካን ሲደረድር ላነጋ ሰው ይህ ስሌት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ውዝግቡ የሚከረው ቆጣሪው የጋራ ሲሆን ነው። የውሃ ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር በደረጃ ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ የብዙ ቤት ፍጆታ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ሁሉም በውዱ ደረጃ ይከፍላል፤ ጥበቃው ለአትክልቱ የከፈተው ጎማም እዚያው ላይ ይታከላል። ለአትክልቱ የተለየ ቆጣሪ ማስገባት፣ ካልተቻለም የቧንቧ ውሃን ለችግኝ ብቻ መፍቀድ፣ ከረጅም የክልከላ ዝርዝር ይልቅ ጠብ ያበርዳል።

ሌላው ምንጭ ጣራው ነው። 200 ካሬ የሆነ የቆርቆሮ ጣራ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያርፍበት ወደ አሸንዳው 2,000 ሊትር ገደማ ያወርዳል፤ ስለዚህ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በክረምቱ መጀመሪያ ሳምንታት ሞልቶ ቀሪው ይፈሳል። ያ ሮቶ ከላይ የተጠቀሰውን ሣር የሚያጠጣው ለ25 ቀን ብቻ ነው። በሳምንት 20 ሊትር ለሚሰጣቸው 20 ችግኞች ግን 25 ሳምንት ይበቃል፣ ማለትም ከጥቅምት እስከ በልግ ያደርሳል። የልብስ እጣቢም ለዛፍ ይውላል፤ በረኪና ያለበትን መለየትና ጥሬ በሚበላ ቅጠል ላይ አለማፍሰስ እስከተጠበቀ ድረስ ማለት ነው።

በተክል ምርጫ ረገድ ነቀፋ የበዛበት ባሕር ዛፍ ነው፤ ውሃ ይስባል፣ ሥሩም ውሃ ፍለጋ ወደ ቧንቧና ወደ ሴፕቲክ ታንክ ይዘልቃል። ሣር የግድ ከሆነ፣ ሲደርቅ ነጥቶ ዝናብ ሲነካው ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው አገር በቀል ሰርዶ ይመረጣል። ወይራና ግራር ሥር ከያዙ በኋላ ብዙ አያስቸግሩም። እሬት ጨርሶ ባይጠጣም ይኖራል። በኮምቦልቻ ሙቀት ፓፓያና ዘይቱን ይጨመራሉ። ከደጃፍ የሚተከሉት ጤና አዳምና በሶብላ ከየቤቱ በሚወጣ የሲኒ እጣቢ ስለሚያድጉ የደንብ ጉዳይ አይሆኑም።

ለአስተዳዳሪዎች የሚቀለው መፍትሔ ግን ግቢውን በሲሚንቶ ወይም በኮብልስቶን ዘግቶ መገላገል ነው። ውሃ ማጠጣት በእርግጥ ይቀራል። ነገር ግን ደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራች፣ የመሬት መንሸራተትና የክረምት ጎርፍ የሚፈታተናት ከተማ ናት፤ አፈር ይመጠው የነበረው ዝናብ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ሳይዘገይ ቁልቁል ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ዛፍና ሰርዶ ያለበትን መሬት መተው፣ ንጣፉንም ለመተላለፊያ ብቻ መወሰን፣ በጥር ውሃ ከመቆጠብ ባሻገር በነሐሴ አፈር ያስቀራል። የማኅበሩ ደንብ የሚያስረው የራሱን አባላት ብቻ ነው፤ ከግቢው በታች ያለው፣ ጎርፉ በሩ ላይ የሚደርስበት ጎረቤት በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ የለውም።