ከጋላፊ እስከ ዛላምበሳ፦ የኢትዮጵያ የድንበር በሮች

ኢትዮጵያ የምትዋሰነው ከስድስት አገሮች ጋር ነው። እነሱም ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ደቡብ ሱዳንና ሱዳን ናቸው። ድንበሩ በጠቅላላው 5,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አብዛኛው መስመር የተሰመረው በአፄ ምኒልክ ዘመን ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር በተፈረሙ ውሎች ነው። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ስትለይ የባህር በሩም አብሮ ሄደ።

ለዕለት ኑሯችን ከሁሉም የሚቀርበው ኬላ ጋላፊ ነው፤ ስሙን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከውጭ ከሚገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ይመጣል። ተሳቢዎቹ ከወደብ ጭነው በጋላፊ ይገባሉ፤ ከዚያ በዲቼቶ፣ በሰመራ፣ በሚሌ አድርገው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ሙቀቱ አይጣል ነው! ባቡሩ ደግሞ ድንበር የሚሻገረው ደወሌ ላይ ነው።

ለተራ መንገደኛ የሚመቸው በር ሞያሌ ነው። ስሙ አንድ፣ ከተማው ሁለት፤ እኩሌታው ኢትዮጵያ፣ እኩሌታው ኬንያ። ቦረና ከወዲህም ከወዲያም አለ። የሁለቱ አገር ዜጎች ለጉብኝት ቪዛ አይጠየቁም። በ2013 ኅዳር ላይ የሁለቱ አገር መሪዎች የጋራ ኬላውን መረቁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የመውጫውም የመግቢያውም ማህተም በሚገቡበት አገር በኩል፣ አንድ ግቢ ውስጥ ይመታል። ሁለት ቦታ መሰለፍ የለም። ሹፌር ግን ይጠንቀቅ፤ ኬንያ ሲገባ ግራውን ይዞ መንዳት አለበት። ሰዓት ላይ ግን ብዙም አይቸገርም። በስዋሂሊም እንደኛው ጠዋት አንድ ሰዓት ይባላል።

መተማን ያነሳ ሰው አፄ ዮሐንስን አይረሳም። ንጉሡ በ1881 መጋቢት ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚያ ነው። ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ጋላባት ናት። በ2015 ሚያዝያ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ፣ ሸሽቶ የወጣው የብዙ አገር ሰው በዚሁ በኩል ገባ።

ረጅሙ ድንበር ከሶማሊያ ጋር ያለው ነው፤ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተካለለም። ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ ያለችው ቶጎ ውጫሌ ወደ ሶማሌላንድ ታሻግራለች። ጫት ይወጣል፣ ልብስና ኤሌክትሮኒክስ ይገባል። ኮንትሮባንዱም የዚያኑ ያህል ነው።

ጋምቤላ በኩል ድንበሩን በብዛት የሚያበጁት ወንዞች ናቸው። ኑዌርም አኙዋም ከሁለቱም ወገን ይኖራሉ። እንግሊዞች በ1894ቱ ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ በኪራይ ይዘው፣ በክረምት የእንፋሎት ጀልባ በባሮ ወንዝ ያመላልሱ ነበር። ወንዙ ሲጎድል ንግዱም ይቆማል።

በሰሜን ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። ከ1990ው ጦርነት በኋላ የኤርትራ ድንበር ለሃያ ዓመት ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 ባድመን ለኤርትራ ቢወስንም መሬት ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። በ2011 የእንቁጣጣሽ ዕለት ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ። ዘመድ ከዘመድ ተቃቅፎ ተላቀሰ፤ ነጋዴው በማግስቱ ጤፍና ሲሚንቶ ጭኖ አስመራ ገባ። ዓመቱ ግን አልሞላም። ሚያዝያ ላይ ኬላዎቹ ሁሉ መልሰው ተዘግተው ነበር።