ዜማው ግጥሙን ሲናገር፦ ስለ ፎክ ሮክ የሚባሉና ያልሆኑ ነገሮች

ፎክ ሮክ የባህል ዘፈንን ዜማና ትረካ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከድራም ጋር ያጋባ ስልት ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጎልቶ ወጣ። ዜማው የግጥሙን ትርጉም እንዴት እንደሚሸከም ሲወራ ግን ስህተቱ ይበዛል። ከታች በጥቅስ የሚጀምሩት አንቀጾች እንዲህ ያሉትን አባባሎች እያነሱ ይመልሳሉ።

«ሜጀር ደስታ፣ ማይነር ሐዘን ነው።» ሜጀርና ማይነር የምዕራባውያን ሙዚቃ ሁለት ዋና ቅኝቶች ናቸው። አባባሉን ለማፍረስ የራሳችን የትዝታ ቅኝት ይበቃል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ብዙ የአሜሪካ የባህል ዘፈኖች የሚዜሙትም በእነዚሁ አምስት ድምፆች ነው። እኛ ግን ናፍቆት እንሰማበታለን። ናፍቆቱ ያለው በምቱ ዝግታ፣ ሐረጉ እየወረደ በማለቁና በድምፁ መርገብገብ ላይ ነው። አንዱን ሐረግ በደቂቃ በ60 ምት፣ ቀጥሎ በ120 ዝፈኑት፤ ቅኝቱ ሳይነካ ስሜቱ ይገለበጣል።

«ጊታሩ ኤሌክትሪክ ሲሆን የግጥሙ አነባበብ ይለወጣል።» አሜሪካውያኑ ጥንድ ዘፋኞች ሳይመንና ጋርፈንከል «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ»ን (የዝምታ ድምፅ) በ1964 በአኮስቲክ ጊታር ቀረጹት። በ1965 ፕሮዲዩሰሩ ቶም ዊልሰን ዘፋኞቹ ሳያውቁ በዚያው ቅጂ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ጨመረበት። በጥር 1966 ዘፈኑ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ድምፃቸው ያው የ1964ቱ ነው።

ትርጉሙን የሚሠራው ዜማው ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ላ ላ፣ ዶ ዶ፣ ሚ ሚ እያለ ጥንድ ጥንዱን ይወጣና መጨረሻው ላይ ወደ ሬ ይንሸራተታል። ሁለተኛው ስንኝ ያንኑ አካሄድ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ከሶል ይጀምራል። ግጥሙ ጨለማን እንደ ቆየ ወዳጅ ሰላም የሚል ነው፤ ዜማውም ቀና ብሎ መልሶ አንገቱን የሚደፋ ሰው ይመስላል። መሃል ላይ ከፍ ይላል፣ «ዝምታ» ላይ ሲደርስ ተመልሶ ታች ያርፋል።

«ታሪኩ ሲለወጥ ዜማውም ይለወጥ።» የእንግሊዙ ባንድ ፌርፖርት ኮንቬንሽን በ1969 የቀረጹት «ማቲ ግሮቭስ» የጥንት እንግሊዛዊ ትረካ ነው። ከዝሙት ተነስቶ እስከ ግድያ የሚዘልቀው በአንድ ተደጋጋሚ ዜማ ነው። የሚለዋወጠው አገባቡ ነው፦ ስንኙ ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ ይጀምራል፣ ከከባዱ ቃል በፊት ትንፋሽ ይወሰዳል፣ የባንዱ አጨዋወት ይጠነክራል ወይም ይለሰልሳል። ጀማሪ ዘፋኝ እያንዳንዱን አንጓ ሊተውን ይሞክርና አምስተኛው ላይ ሲደርስ የሚጨምረው ያጣል።

«በአንድ ድምፅ ላይ የሚቆይ ዜማ ደካማ ነው።» ፉከራ የሰማ ሰው ይህን ባይል ይሻላል። ዜማው ባለበት ሲረግጥ ጆሮ ወደ ቃሉ ይሄዳል።

«የቀለሙ (የክፍለ ቃሉ) ቁጥር ከገጠመ ግጥሙ ዜማው ላይ ይቀመጣል።» በፎክ ሮክ ዜማ ላይ የአማርኛ ግጥም የሚያስገቡ ሰዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው። ቀለም መቁጠር መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና አልመጣም» ላልቶ ከተዘፈነ ሰውየው አልደረሰም፤ «ና» ከጠበቀ ያልደረሰው በዓሉ ነው። ረጅሙ ድምፅ «ገ» ላይ ወድቆ አናባቢው ከተለጠጠ ሰሚው የላላውን ይሰማል። በዓሉን ለማለት «ገ»ን አሳጥሩና የቀረውን ጊዜ «ን» ላይ አቆዩት፤ «ን» በአፍንጫ ስለሚወጣ ዜማ ይሸከማል። የሚጠብቀው ድምፅ «ት» ወይም «ቅ» ከሆነ ግን በመሃሉ ዝምታ ስላለ ዜማ አይሸከምም፤ ከፊቱ ረጅም ድምፅ አታስቀምጡ። ሲጨርሱ ግጥሙን ያላየ ሰው አንዴ ሰምቶ ይጻፈው። የተሳሳተበት ቃል ላይ የሚስተካከለው ዜማው ነው ወይም ቃሉ፤ ሰሚው አይደለም።