እያጠባሁ ላረግዝ እችላለሁ?

እህቶቼ፣ «የምታጠባ ሴት አታረግዝም» የሚለው ነገር ደጋግሞ ስለሚነሳ በደንብ እንየው። ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ ነው፦ ሕፃኑ 6 ወር ካልሞላው፣ የወር አበባሽ ካልተመለሰ፣ ሕፃኑም ቀንም ሌሊትም ከጡት ሌላ ምንም የማይወስድ ከሆነ። ያኔ ከ100 እናቶች የሚያረግዙት ከ2 አይበልጡም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሦስተኛው ላይ ነው። የ4 ወር ልጅ ያላት እናት ሥራ ጀመረች እንበል፤ ልጁ ቀን የዱቄት ወተት ይጠጣል፣ ማታ ጡት ይጠባል። የወር አበባዋ አልመጣም፤ መከላከያው ግን ከእንግዲህ አያስተማምንም። እንቁላል እንዳይወጣ የሚያደርገው ጡቱ ቶሎ ቶሎ መጠባቱ ነውና፤ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሌሊት ከ6 ሰዓት በላይ መራራቅ የለበትም።

«የወር አበባዬ ሲመጣ መከላከያ እጀምራለሁ» ማለትም አደጋ አለው። እንቁላል የሚወጣው ከደሙ በፊት ስለሆነ ምንም ሳታዪ ልታረግዢ ትችያለሽ። የሚመለስበት ጊዜ ደግሞ ከሴት ሴት ይለያያል፤ አንዷ በጥቂት ወራት፣ ሌላዋ ከዓመት በኋላ ታያለች። የጎረቤትሽን አትቁጠሪ።

ከሦስቱ አንዱ እስኪጓደል ሳትጠብቂ ጤና ጣቢያ ሂጂና እንደምታጠቢ ንገሪያቸው። እንደ ሉፕና በክንድ የሚቀበረው ያሉ ለምታጠባ እናት የሚሆኑ መከላከያዎች አሉ።