ሊበርታሪያን ማለት የቱ ነው?

አሜሪካ ያላችሁ የምርጫ ወረቀት ላይ አይታችሁት ይሆናል። ከሪፐብሊካንና ከዴሞክራት ወረድ ብሎ «ሊበርታሪያን» የሚል ፓርቲ አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ውስጥ ተመሠረተ፤ በ2016 እጩው ጋሪ ጆንሰን ወደ 4.5 ሚሊዮን ድምፅ አግኝቷል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሰው የራሱ ጌታ ነው፤ ሌላውን እስካልነካ ድረስ መንግሥት አይድረስበት። ግብር ይቀነስ፣ ገበያው ይለቀቅ፣ ዕፅ የሚወስድም ሰው አይታሰር።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ትርጉም ይህ ነው። ግን ቃሉን የፖለቲካ ስም አድርገው ከጀመሩት አንዱ የግል ንብረትን አጥብቆ የሚቃወም ኮሚኒስት ነበር!

ዦዜፍ ዴዣክ ይባላል፣ ፈረንሳዊ አናርኪስት ነው፤ ማለትም መንግሥትም ሆነ ሌላ ጌታ አያስፈልግም ባይ። በ1857 ኒው ኦርሊንስ ሆኖ ለፕሩዶን ግልጽ ደብዳቤ ጻፈለት። ፕሩዶን ትልቅ የአናርኪስት ስም ያለው ሰው ነው፤ ሴት ግን ከወንድ ታንሳለች ብሎ ያምን ነበር። ዴዣክ ይህን አልታገሠም፤ አንተ ሊበራል እንጂ ሊበርታሪያን አይደለህም አለው። በቀጣዩ ዓመት ኒውዮርክ ላይ በዚሁ ስም ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ። ለእሱ ነፃነት ማለት ከመንግሥትም፣ ከአሠሪም፣ ከባልም ጌትነት መላቀቅ ነው። በ1936 ስፔን ውስጥ መሬቱን በጋራ ያረሱት የአራጎን ገበሬዎችም ዓላማቸውን የጠሩት «ሊበርታሪያን ኮሚኒዝም» ብለው ነው።

ታዲያ ስሙ እንዴት ወደ ሌላኛው ወገን ሄደ? አሜሪካ ውስጥ ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን (ከ1930ዎቹ) ወዲህ «ሊበራል» ማለት መንግሥት ብዙ ይሥራ የሚል ሰው ሆነ። ገበያው ይለቀቅ የሚሉት የድሮዎቹ ሊበራሎች ስም አልባ ቀሩ። በ1955 ዲን ራስል የሚባል ጸሐፊ እኛ ሊበርታሪያን እንባል ብሎ ሐሳብ አቀረበ፣ ቀስ በቀስም ተለመደ።

እነሱም ቢሆኑ አንድ አይደሉም። በ1974 አሜሪካዊው ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና መከላከያ ብቻ ያለው ትንሽ መንግሥት ይበቃል አለ፤ የምጣኔ ሀብት ምሁሩ መሬይ ሮትባርድ ደግሞ እሱም አያስፈልግም፣ ጥበቃውም ዳኝነቱም በግል ይሠራ ባይ ነው። የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ሚሌይ ራሱን ሊበርታሪያን ይላል፣ ፅንስ ማቋረጥን ግን ይቃወማል። በዚያው ስም የሚጠሩ ሌሎች የሴት ገላ የራሷ ነው ብለው ይሟገቱታል።

ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ መሬት ነው። ጉልበቴ የኔ ነው፣ እሺ፤ መሬቱን ግን ማንም አልሠራውም፣ ታዲያ የመጀመሪያው ሰው አጥሮ «የኔ» ሲል ማን ፈቀደለት? ፈላስፋውን ሂለል ስታይነርን የመሰሉ የግራ ሊበርታሪያኖች ተፈጥሮ የሁሉም ነው፣ ለብቻው የያዘ ለሌላው ድርሻውን ይክፈል ይላሉ። እኔም ወደዚህ አደላለሁ።

ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ፣ ጭሰኛው ካመረተው እስከ እኩሌታው ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። ያ ገበሬ ነፃ ነበር? እኔን የገረመኝ ከሁሉ ይልቅ ለግል ንብረት የሚከራከረው ሮትባርድ እዚህ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር መግጠሙ ነው። በጉልበት ወይም በሹመት የተያዘ መሬት እውነተኛ ንብረት አይደለም፣ ላረሰው ይገባል ብሎ ጽፏል። ከዚያ በኋላ በመጣው ነገር ግን፣ ማለትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ አይሸጥም አይለወጥም በመባሉ፣ እሱም ዴዣክም አይስማሙም፤ ሮትባርድ ለገበሬው የራሱ ይሁንና ከፈለገ ይሽጠው ሲል፣ ዴዣክ መንግሥትም ሆነ ሌላ ማንም ጌታ አይሁንበት ባይ ነው።