በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል

ልጆች ሆነን ኳስ ሜዳ ላይ ጠብ ሲነሳ አንዱ እጁን ያነሳና «በሕግ አምላክ!» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚማታ ነውረኛ ነው። ማን እንዳስተማረን እንጃ።

በአያቶቻችን ዘመን ግን ጨዋታ አልነበረም። ፖሊስ በሌለበት ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ ተበዳዩ «በሕግ አምላክ»፣ አንዳንዴም «በንጉሥ አምላክ» ብሎ ባለጋራውን ያቆመዋል። አልቆምም ማለት ሌላ ጥፋት ነው። አላፊ አግዳሚው ለዳኝነት ይቀመጣል። ነገሩ ካልበረደ ሁለቱ በልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ቁራኛ የሚባለው ይኸው ነው። አባባሉም የሚለው ይህንን ነው፦ የሕግ ስም ከተጠራ ጉልበተኛም ይቆማል፣ ውሃም ቁልቁለቱን ይረሳል።

ይህን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ ሰልማ ከተማ ያለው የኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቀኑ ማክሰኞ፣ ማርች 9፣ 1965። ከሁለት ቀን በፊት የመምረጥ መብት የጠየቁ 600 ያህል ሰልፈኞች እዚሁ በፖሊስ ዱላና በአስለቃሽ ጭስ ተደብድበዋል። አሁን ማርቲን ሉተር ኪንግ ሁለት ሺህ ገደማ ሰው አስከትለው መጡ። የፌዴራሉ ዳኛ ፍራንክ ጆንሰን ግን ጉዳዩን እስኪሰሙ ድረስ ሰልፉን አግደዋል። ድልድዩ ጋ አንድ የፌዴራል ሹም እግዱን ጮክ ብሎ አነበበ። ሰልፈኞቹ ፖሊሶቹ ፊት ድረስ ሄዱ፤ ተንበረከኩ፤ ጸለዩ። ሲነሱ ፖሊሶቹ ገለል ብለው መንገዱን ለቀቁ። ኪንግ ግን ፊታቸውን አዙረው ሰዉን ይዘው ተመለሱ። ብዙ ወጣቶች በገኑ። መንገዱ ተከፍቶ እያለ! በእኛ ቋንቋ ግን በሕግ አምላክ ተብለው ቆሙ።

ሹማምንቱስ? እነሱ 95 ዓመት አልቆሙም። በ1870 የጸደቀው 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የማንም የመምረጥ መብት በዘር ምክንያት አይነፈግም ይላል። ሰልማ ባለችበት ዳላስ ካውንቲ ግን ዕድሜያቸው ከደረሰ ወደ 15 ሺህ ከሚጠጉ ጥቁሮች የተመዘገቡት ከ400 አይበልጡም ነበር። ቢሮው ለምዝገባ የሚከፈተው በወር ሁለት ቀን ነው። ወረፋው የደረሰውም ሕገ መንግሥቱን አብራራ ይባላል፤ አራሚው ራሱ መዝጋቢው። ፍርድ ቤት አንዱን ዘዴ ሲሽር ሌላ ይተካል። በ1915 «አያቱ መራጭ የነበረ ከፈተና ነፃ ነው» የሚለው ደንብ ወደቀ። በ1944 ነጮች ብቻ የሚገቡበት የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ወደቀ። ውሃው ዞር ብሎ መፍሰሱን ቀጠለ።

ዳኛው ማርች 17 ሰልፉን ፈቀዱ። ኦገስት 6 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የመምረጥ መብት ሕጉን ፈረሙ። ለእኔ የሕጉ እምብርት አንቀጽ 5 ነው። እንደ አላባማ ያሉ ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ከመቀየራቸው በፊት ወይ የፍትሕ ሚኒስቴርን ወይ ዋሽንግተን ያለውን ፍርድ ቤት ማስፈቀድ ነበረባቸው። ዱላው ሳይነሳ የሚባል «በሕግ አምላክ» ማለት ነው።

በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ማን ያስፈቅድ የሚለውን መለያ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ሻረው። ከሳሿ እዚያው አላባማ ያለችው ሸልቢ ካውንቲ ነበረች። ዳኛ ሩት ጊንስበርግ ሲቃወሙ፣ ይህ እኮ አልረጠብኩም ብሎ ዝናብ ላይ ጃንጥላ እንደመጣል ነው አሉ። ለተረት የሚሆን አማርኛ ይወጣዋል።

ከዚያ በኋላ የቀረው በአብዛኛው ከተመቱ ወዲያ መክሰስ ነው። በአላባማ ከአራት ሰው አንዱ ጥቁር ነው፤ ለኮንግረስ ከተከፈሉት 7 የምርጫ ክልሎች ግን ጥቁሮች የሚበዙበት አንድ ብቻ ነበር። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ የምርጫ ክልሎች ካርታ የመምረጥ መብት ሕጉን ሳይጥስ አልቀረም በሚለው የሥር ፍርድ ቤት ተስማማ። የግዛቱ ምክር ቤት ሁለተኛ ጨምር ሲባል አዲስ ካርታ ሣለ፤ ጥቁሮች የሚበዙበት አሁንም አንድ። የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኞች ሌላ ባለሙያ ሾመው አሣሉ። አላባማ በኖቬምበር 2024 የመረጠችው በዚያ ካርታ ነው።