ጨዋ ቸልታ ምንድን ነው?

ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ጠባብ የእግረኛ መንገድ ፊት ለፊት ይመጣሉ። ገና በሩቁ ይተያያሉ። ሲቀራረቡ ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበር ወይም ዘወር ያደርጋሉ፤ ጎን ለጎን ሲተላለፉ አንዱ ሌላውን አያይም። ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ ነገሩ ከሐሳባቸው ይጠፋል። ይህን በቀን ስንትና ስንት ጊዜ የምንፈጽመውን ድርጊት ስም ሰጥቶ በጥሞና ያጠናው በካናዳ የተወለደው የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ኤርቪንግ ጎፍማን ነው። ስሙን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 በአደባባይ ስለሚታይ ጠባይ ባሳተመው መጽሐፍ ሲሆን፣ በአማርኛ «ጨዋ ቸልታ» ልንለው እንችላለን።

«አይቶ እንዳላየ ማለፍ» የሚለው አነጋገራችን ድርጊቱን በደንብ ይገልጸዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ለወቀሳ ነው። የምናውቀው ሰው አይቶ እንዳላየ ካለፈን እንቀየማለን። ከማናውቀው ሰው ግን የምንጠብቀው ይህንኑ ነው፤ የሚከፋን ሲነፍገን ነው።

ጨዋ ቸልታ ሁለት ግማሾች አሉት፤ ብዙ ሰው የሚያስተውለው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ማየት ነው። በአጭር እይታ «መኖርህን አውቄያለሁ» እንባባላለን። ሁለተኛው ዓይንን መመለስ ነው፤ በዚህም «አልጠራጠርህም፣ አልፈራህም፣ የተለየ ነገርም አልፈልግብህም» እንላለን። ሁለቱም ግማሾች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ጨዋ ቸልታን ከግድ የለሽነት ጋር ማምታታት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ግድ የሌለው ሰው መጀመሪያውኑ አያይም።

ጎፍማን ርቀቱን ሳይቀር ገምቶታል። በመንገድ ላይ መተያየቱ የሚቆየው በመካከል 8 ጫማ ገደማ፣ ማለትም 2.4 ሜትር ያህል እስኪቀር ነው። እስከዚያ ድረስ ማን በየት በኩል እንደሚያልፍ በዓይን፣ በትከሻና በእርምጃ አቅጣጫ ስምምነት ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ዓይን ዝቅ ይላል። እሱ ይህን ከመብራት መደብዘዝ ጋር አመሳስሎታል፤ በሌሊት ፊት ለፊት የሚገናኙ ሾፌሮች ረጅሙን መብራት ወደ አጭር እንደሚቀይሩት ማለት ነው። ፊትም የራሱ ድርሻ አለው። በዚያች አጭር እይታ ውስጥ መደነቅ፣ መጸየፍ ወይም ጉጉት ከታየ ዓይን በሰዓቱ ቢመለስም ደንቡ ፈርሷል።

ሁለት እግረኞች መንገድ ለመልቀቅ ብለው ወደ አንድ ጎን፣ መልሰው ደግሞ ወደ ሌላው ጎን አብረው ዞር እያሉ የሚዘጋጉት ከእነዚህ እርከኖች አንዱ ሲዘለል ነው። አንዱ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይመጣል፣ ወይም ሁለቱም ጎን ሳይለዩ ዓይናቸውን ቶሎ ይሰብራሉ፤ ስምምነቱ ሳይፈጸም ርቀቱ ያልቃል። መፍትሔው አንዱ ቆም ማለት ነው፣ አለዚያም ዓይኑን ወደሚያልፍበት ጎን በግልጽ ጥሎ እርምጃውን ሳይቀይር መቀጠል።

ሊፍት ውስጥ ነገሩ ይከብዳል። በመራመድ መራቅ ስለማይቻል ዓይን ማረፊያ ይፈልጋል። ሰዎች በሩን፣ የፎቁን ቁጥር ወይም ስልካቸውን የሚያዩት ለዚህ ነው። ጎፍማን ጋዜጣን የመሰለውን ነገር እንደ ከለላ አይቶታል፤ ዛሬ ይህን ሥራ በዋናነት የያዘው ስልክ ነው። ከለላው ግን የሚሸፍነው ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ሰው ሲገባ ቀና ሳይሉ ስልክ ላይ መቆየት ዓይን መመለስ ሳይሆን ጭራሹኑ አለማየት ነው።

ቸል የተባልን የሚመስለን ሰዓት እንኳ እየታየን መሆኑን እናውቃለን። መንገድ ከጀመረ በኋላ የረሳው ነገር ትዝ ያለው ሰው እንዲሁ ዞሮ አይመለስም። ኪሱን ይዳብሳል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚዞረው። የጠየቀው የለም። ነገር ግን ያለ ምክንያት የሚመላለስ ሰው እንዳይመስል ለማያውቃቸው ሰዎች በአካሉ ማብራሪያ እየሰጠ ነው። ጎፍማን በ1971 ባሳተመው ሥራው ይህን በሰፊው ተንትኖታል፤ በእኔ ግምት ከትዝብቶቹ ሁሉ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ላይ በቀላሉ ሊያረጋግጠው የሚችለው ይህኛው ነው።

ደንቡ በሁለት አቅጣጫ ይጣሳል። አንደኛው ማፍጠጥ ነው። በ1972 ይፋ የሆነ ጥናት በመንገድ መገናኛ ላይ ቀይ መብራት ያስቆማቸው ሾፌሮች ሲፈጠጥባቸው፣ አረንጓዴው እንደበራ ካልተፈጠጠባቸው ይልቅ ፈጥነው መገናኛውን እንደሚያቋርጡ አሳይቷል። ሁለተኛው በሰው ውስጥ አሻግሮ ማየት ነው፤ ዓይን ሰውየው ላይ ያርፋል፣ ነገር ግን ባዶ ቦታ የሚያይ ይመስላል። በ2012 የታተመ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህንን በመንገደኞች ላይ ፈትኗል። አንዲት የጥናቱ ተባባሪ ሴት አሻግራ ያየቻቸው መንገደኞች ወዲያው ሲጠየቁ፣ ዓይናቸውን አይታ ካለፈቻቸው ይልቅ ከሰው የመነጠል ስሜት እንዳደረባቸው ተናገሩ። ያለፈቻቸው ሴት ጨርሶ የማያውቋት መሆኗን ልብ ይሏል።

ቅጣቱም ያው ዓይን ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ በስልክ የሚያወራውን፣ ሰልፍ የሚያቋርጠውን ሰው ሌሎች ይገላምጡታል። ጨዋ ቸልታው ይነሣበታል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ግን የሚሠራው ሰው በራሱ ላይ የሚያሳድረው ይሉኝታ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም በ1970ዎቹ ተማሪዎቹን ወደ ኒውዮርክ የምድር ባቡር ልኮ ምንም ምክንያት ሳይሰጡ «ወንበርዎን ሊለቁልኝ ይችላሉ?» እያሉ የማያውቋቸውን ተሳፋሪዎች እንዲጠይቁ አደረገ። ከተጠየቁት 68 በመቶ ያህሉ ተነሡ ወይም ቦታ አካፈሉ። ስለዚህ ከባዱ ነገር እምቢታ አልነበረም፤ መጠየቁ ነበር። ሚልግራም ራሱ ሲሞክረው ቃሉ ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ። ወንበሩን ካገኘ በኋላም ጥያቄው ተገቢ እንዲመስል የታመመ ሰው መሆን እንዳለበት ተሰማው፤ አንገቱን አቀረቀረ፣ ፊቱም ሲገረጣ ታወቀው። እያስመሰለ አልነበረም።

ቸልታው በፈቃድ የሚነሣበትም ጊዜ አለ። ሰው ሲወድቅ፣ ሊፍት ሲቆም፣ ባቡር ሲዘገይ የማይተዋወቁ ሰዎች መነጋገር ይጀምራሉ፤ የጋራው ችግር ራሱ ምክንያት ይሆንላቸዋል። ሕፃን የታቀፈ ወይም ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው፣ እንዲሁም ፖሊስን የመሰለ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በቀላሉ ይጠየቃል። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ደንቡን ገና ስላልተማሩ ያፈጣሉ፤ ወላጅ እጃቸውን ሳብ አድርጎ «ሰው ላይ አይፈጠጥም» የሚላቸው ትምህርቱ የሚሰጥበት ሰዓት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ጨዋነት ለሁሉም እኩል አለመዳረሱ ነው። ጎፍማን የጨዋ ቸልታ ተቃራኒ አድርጎ ያነሣው በአሜሪካ ደቡብ ነጮች በጥቁሮች ላይ ይጥሉት የነበረውን የጥላቻ ማፍጠጥ ነው። የሶሲዮሎጂ ባለሙያዋ ካሮል ብሩክስ ጋርድነር በ1995 ባሳተመችው ጥናት ሴቶች በመንገድ ላይ ከማያውቋቸው ወንዶች የሚደርስባቸውን ልከፋ መርምራለች። ለሌላው ሳይጠይቅ የሚሰጠው ቸልታ ለእነሱ እንደሚነፈግ ከሥራዋ እንረዳለን። አካል ጉዳት ያለበት ሰው ደግሞ ሁለቱም ጥሰቶች ይፈራረቁበታል፤ አንዱ ያፈጥበታል፣ ሌላው እንዳያፈጥ ፈርቶ እንደሌለ ይቆጥረዋል። አስተናጋጅ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠውን ደንበኛ ትቶ «እሱ ምን ይፈልጋል?» ብሎ አብሮት ያለውን ሰው ሲጠይቅ ያጎደለው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ማድረግ የነበረበት ለሌላው ደንበኛ የሚሰጠውን ያህል፣ ሳያሳጥርና ሳያስረዝም፣ አይቶት ጥያቄውን ለራሱ ለሰውየው ማቅረብ ነው።