ሰዓት ሲሮጥ ሮቦቶች ሥራ እንዴት ይከፋፈላሉ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 የሮቦት ቡድኖች አሜሪካ፣ ሉዊቪል ከተማ፣ ከመሬት በታች ተወዳደሩ። ቦታው ድሮ የኖራ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ሰፊ ዋሻ ነው። አዘጋጁ ዳርፓ፣ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ነው። ለፍጻሜው የተሰጠው 60 ደቂቃ ብቻ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ 40 ዕቃዎችን (ቦርሳ፣ ስልክ፣ ተጎጂ የሚመስል አሻንጉሊት) ፈልጎ ማግኘት፣ የእያንዳንዱንም ቦታ ከ5 ሜትር በላይ ሳይሳሳቱ ማሳወቅ ያስፈልግ ነበር።

«አንድ ዋና ኮምፒውተር ሁሉንም ያዛል»
መጋዘን ውስጥ ይሄ ያስኬዳል፤ ኔትወርክ አለ። ዋሻ ውስጥ ግን ሮቦቱ ሁለት ጊዜ ከታጠፈ ኔትወርኩ ድርግም ሊል ይችላል። ትዕዛዝ እየጠበቀ ከቆመ ሰዓቱ በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ ለብቻው መወሰን መቻል አለበት። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ትንንሽ የሬዲዮ ማስተላለፊያ እየጣሉ ያልፋሉ።

«ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ተጽፎ ያልቃል»
በጣም የምወደው መልስ እዚህ ጋ ነው፤ ሮቦቶች ጨረታ ይጫረታሉ! ሐሳቡን ሬይድ ስሚዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 አቅርቦታል። አዲስ መተላለፊያ ተገኘ እንበል። አንዱ ሮቦት «በ3 ደቂቃ እደርሳለሁ» ይላል። ሌላው «በ5» ይላል። ባትሪው ሊያልቅ የደረሰው ዋጋውን ያስወድዳል። ርካሽ ያቀረበው ሥራውን ይወስዳል። አሸናፊው መንገድ ላይ ድምፁ ከጠፋ ሥራው እንደገና ለጨረታ ይወጣል።

«ምርጡ ዕቅድ እስኪገኝ ማስላት ይሻላል»
አንድ ሮቦት 10 ቦታ ይጎብኝ ቢባል ብቻ 3,628,800 ዓይነት ቅደም ተከተል አለ። ሮቦቶቹ ሲበዙ ደግሞ አማራጩ ከዚህም ይበዛል። ይህ ሁሉ ሲሰላ መንገዱ ሊዘጋ፣ አንዱ ሮቦት ሊወድቅ ይችላል። ቶሎ የተገኘ ደህና ዕቅድ ይዞ መነሳት፣ ከዚያ እየሄዱ ማስተካከል በብዙ ይበልጣል።

«ሮቦት በበዛ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል»
እስከ አንድ ደረጃ ድረስ አዎ። ጠባብ መተላለፊያ ላይ ግን እርስ በርስ መንገድ ይዘጋጋሉ።

«ሰው አያስፈልግም»
በውድድሩ ሮቦቶቹን መቆጣጠር የሚፈቀደው ከየቡድኑ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። «ዕቃ አገኘሁ» ብሎ ሪፖርት የሚደረግበት ሙከራ ብዛቱ የተገደበ ስለነበር፣ ሮቦቱ ያየው ነገር በእርግጥ ቦርሳ መሆኑን የሚያረጋግጥ ዓይን ዋጋ ነበረው። በመጨረሻ ሁለት ቡድኖች እኩል 23 ነጥብ አመጡ፦ ሰርበረስ እና የአውስትራሊያው ሲኤስአይአርኦ። የ2 ሚሊዮን ዶላር ሽልማቱን የወሰደው ሰርበረስ ነው፤ የመጨረሻ ነጥቡን ቀድሞ ስላስመዘገበ።